በከብት ቁጥር የተለካ እርዳታ፦ የወረርሽኙ ድጎማ በኔብራስካ የግጦሽ ምድር

ቼሪ ካውንቲ በአሜሪካዋ የኔብራስካ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከደቡብ ዳኮታ ጋር በሚዋሰነው አካባቢ ይገኛል። በስፋቱ ከመላው የኮኔቲከት ግዛት ይበልጣል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪ ግን 5,455 ብቻ ነው። መሬቱ ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ በመሆኑ ሣሩ ተገልብጦ ቢታረስ አሸዋውን ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አገሩ የሚኖረው በከብት ነው፤ በሥጋ ላሞች ብዛትም ከአሜሪካ ካውንቲዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ሆኖ ይጠቀሳል። የአሜሪካ መንግሥት በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች ያከፋፈለው ገንዘብ እንዴት እንደተሰላ ለመረዳት እንዲህ ያለ ቦታ ይመቻል፤ ነዋሪው በአንድ ሀብት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የድጎማው መለኪያ ማንን እንዳቀፈና ማንን እንዳለፈ ያለ ብዙ ድካም ይታያል።

መንግሥት የኮሮና ቫይረስ የምግብ እርዳታ ፕሮግራም ብሎ በሰየመው መርሐ ግብር በጠቅላላው ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሏል። ይህ ገንዘብ በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ክርክር ብዙ ተብሎበታል። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ገንዘቡ በምን ተለክቶ ተሰጠ የሚለው ነው። የተለካው ሰው በእጁ በያዘው የከብት ቁጥርና የኤከር ብዛት፣ በተወሰኑ ቀኖችም መካከል ባደረገው ሽያጭ ነበር። ቤተሰቡ በዚያ ዓመት ምን ያህል ገቢ አጣ፣ ለመሰንበትስ ምን ያህል ያስፈልገዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። አብዛኛው መዛባት የመነጨው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጉዳቱ ራሱ ከየት እንደመጣ እንይ። በማርች 2020 ምግብ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሥጋ ገበያው ተናጋ። ከዚያም የባሰው መጣ፤ ቫይረሱ ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሚቆሙባቸው ግዙፍ ቄራዎች ውስጥ ገባ። በአሜሪካ በማድለቢያ ከሚደልቡት ከብቶች 85 በመቶ ያህሉን የሚያርዱት አራት ኩባንያዎች ማለትም ታይሰን፣ ጄቢኤስ፣ ካርጊልና ናሽናል ቢፍ ናቸው። ጥቂት ቄራዎች ሲዘጉ የአገሩ ገበያ በሙሉ የሚታነቀው በዚህ ምክንያት ነው። በኮሎራዶ ግሪሊ የሚገኘው የጄቢኤስ ቄራ በኤፕሪል፣ በኔብራስካ ዳኮታ ሲቲ የሚገኘው የታይሰን ቄራ ደግሞ በሜይ መጀመሪያ ለቀናት ሥራ አቆሙ። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ የሚታረደው ከብት ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ አሽቆለቆለ። ለእርድ የደረሰ ሰንጋ ደግሞ እንደ እህል በጎተራ ተከድኖ አይቀመጥም፤ በየቀኑ ይበላል፣ ከሚፈለገው በላይ ይሰባል፣ ቦታም ይይዛል። ማድለቢያው ካልተለቀቀ አዲስ ጥጃ የሚገዛ አይኖርም፤ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለው የቼሪ ካውንቲ አርቢ ጥጃውን በተገኘው ዋጋ ከመስጠት ወይም ሣር እያበላ ከማቆየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በዚያው በሜይ ወር ቄራዎቹ ለመደብሮች የሚያከፋፍሉት የበሬ ሥጋ የጅምላ ዋጋ ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ላይ ወጥቶ ነበር። አርቢው በርካሽ ሸጠ፣ ሸማቹ በውድ ገዛ፣ መካከል ላይ ያለው ልዩነት ሰፋ።

የመንግሥት ምላሽ የተመሠረተው በሁለት የተለያዩ የገንዘብ ምንጮች ላይ ነበር። አንደኛው በማርች 27 ቀን 2020 የጸደቀው የኬርስ ሕግ የተባለው የወረርሽኝ እርዳታ ሕግ ለግብርና የመደበው 9.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሁለተኛው ከ1933 ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴሩ የዋጋ ድጋፍ የሚከፍልበት ኮሞዲቲ ክሬዲት ኮርፖሬሽን የተባለ የመንግሥት ተቋም ገንዘብ ነው። በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ሶኒ ፐርዱ በኤፕሪል 17 ከሁለቱ ተጣምሮ 16 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ ለአምራቾች እንደሚከፈል፣ በተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ ለምግብ ግዢ እንደሚውል አስታወቁ። ምዝገባው በሜይ 26 ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከየትኛውም የግብርና ዘርፍ በላይ ገንዘብ የሄደው ለከብት ነው።

ሁለቱ ምንጮች የየራሳቸው ሕግ ስለነበራቸው የየራሳቸው ቀንና ተመን ወጣላቸው። የኬርስ ሕግ ገንዘብ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ ለተሸጠ ከብት ነበር፤ ከ600 ፓውንድ ወይም ከ272 ኪሎ በታች ለሆነ ጥጃ በራስ ማለትም በአንድ ከብት 102 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሚመዝን 139 ዶላር፣ ደልቦ ለእርድ ለደረሰ ሰንጋ ደግሞ 214 ዶላር። የኮርፖሬሽኑ ገንዘብ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በአርቢው እጅ ላለ ከብት ሲሆን ተመኑ ለሁሉም በራስ 33 ዶላር ብቻ ነበር። ጥጃም ይሁን ላም፣ የከሳም ይሁን የደለበ፣ ልዩነት አልተደረገም።

ይህ በመሬት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ሁለት ጎረቤታሞችን እንውሰድ። ሁለቱም ያለፈውን ዓመት ጥጆች ክረምቱን አሳልፈው ከ600 ፓውንድ በላይ የሆኑ ሦስት ሦስት መቶ ወይፈኖችና ጊደሮች አሏቸው። አንደኛው በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት ለጨረታ አወጣቸው፤ ለእሱ የተሰላለት 41,700 ዶላር ነው። ሁለተኛው ዋጋው እጅግ በመውደቁ ትንሽ ልታገሥ ብሎ ወይም የማድለቢያው ገዢ ስላልመጣለት እስከ ሜይ አቆያቸው፤ ለእሱ የተሰላለት 9,900 ዶላር ነው። ከብታቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ሣሩም አንድ ነው፣ ገበያውም ያው የወደቀ ገበያ ነው። በመካከላቸው የ31,800 ዶላር ልዩነት የፈጠረው በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። ያቺ መስመር ስትሰመር ደግሞ የሁለቱም ውሳኔ አልፏል፤ ማንም አስቀድሞ አውቆ ሊዘጋጅባት አይችልም ነበር።

በአሸዋ ኮረብታዎቹ አካባቢ ያለው የአረባብ ልማድ ችግሩን ያከብደዋል። ላሞቹ በአብዛኛው የሚወልዱት በክረምቱ ማብቂያና በፀደይ ነው፤ ጥጆቹ በጋውን ከእናታቸው ጋር ሲግጡ ቆይተው በመኸር፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ጡት ይጥላሉ፤ ያኔ ነው የሚሸጡት። ከእነሱ መካከል የተወሰኑትን አሳድረው በፀደይ ወይም አንድ በጋ ጨምረው የሚሸጡ አሉ። ስለዚህ የዓመት ገቢያቸውን በአንድ የመኸር ጨረታ የሚያገኙት ቤተሰቦች ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የተቆጠሩት በ33 ዶላሩ በኩል ነው። ከፍተኛው ተመን የወደቀው በዓመቱ መግቢያ ላይ ብዙ ከብት የሚያንቀሳቅሱ ነጋዴ አርቢዎችና ማድለቢያዎች እጅ ላይ ነው። የአርቢዎች ማኅበራት ይህን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ኮንግረሱም በዲሴምበር 2020 ባጸደቀው ሕግ ለነዚያ በእጅ ለቆዩ ከብቶች ጭማሪ ፈቅዷል። በ2021 የተከፈለው ጭማሪ ከ600 ፓውንድ በላይ ለሆነ በራስ 25.50 ዶላር፣ ከዚያ በታች ለሆነ ጥጃ 7 ዶላር ነበር። ቀደም ሲል ያነሣነው ሁለተኛው ጎረቤት በዚህ 7,650 ዶላር ያገኛል። ከአንደኛው ጋር ያለው ልዩነት ግን አሁንም ከ24,000 ዶላር በላይ ነው፤ ያውም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ገንዘብ ነው።

በሴፕቴምበር 2020 የታወጀው ሁለተኛው ዙር እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ሲሆን በአንዳንድ ነገሮች የተሻለ ነበር። የሽያጭ ቀን ጥያቄ ቀርቶ አርቢው ከኤፕሪል 16 እስከ ኦገስት 31 ባለው ጊዜ ከፍተኛ ቁጥር የነበረበትን ቀን ራሱ መርጦ በራስ 55 ዶላር ይከፈለው ጀመር። ነገር ግን ለርቢ የሚያዙ ላሞችና ኮርማዎች ከዚህ ስሌት ውጪ ተደረጉ። ላም የሚያረባ ሰው ሀብቱ ላሟ ናት። በድርቅ ወይም በዕዳ ተጨንቆ ላሞቹን መሸጥ ከጀመረ የነገ ጥጆቹን ነው የሸጠው። በዚህ ዙር ያቺ ላም እንደሌለች ተቆጠረች።

የክፍያ ጣሪያውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ከፍተኛ ክፍያ በየዙሩ 250,000 ዶላር ነበር። እርባታው በኮርፖሬሽን ወይም በመሰል ድርጅት መልክ የተመዘገበ ከሆነና እስከ ሦስት የሚደርሱ ባለ ድርሻዎቹ እያንዳንዳቸው 400 ሰዓት የጉልበት ወይም የአስተዳደር ሥራ ከሠሩ ጣሪያው ወደ 750,000 ከፍ ይላል። አራት መቶ ሰዓት ማለት የአሥር ሳምንት መደበኛ ሥራ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አስተዳደር ተብሎ የስልክ ንግግርና የሒሳብ ሥራ ይቆጠራል። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ900,000 ዶላር የሚበልጥ ሰዎች አይከፈላቸውም የሚል ደንብ ነበር፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዙር ከገቢያቸው 75 በመቶ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብት ወይም ከደን ከሆነ ደንቡ አይመለከታቸውም። የሕግ አማካሪና የሒሳብ ባለሙያ ያለው ትልቅ እርባታ እነዚህን በሮች አስቀድሞ ያውቃቸዋል። በስሙ ብቻ የሚሠራው ባለ 80 ላም ቤተሰብ ለጣሪያው የሚቀርብበት መንገድ የለውም፤ ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል በደንብ ተጽፎ የጸደቀ ያህል ነው።

ማመልከቻው የሚገባው በየካውንቲው ባለው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ ቢሮ ነው። ይህ ተቋም ከአሜሪካ መንግሥት መዋቅሮች ሁሉ ለገጠሩ ሰው የሚቀርብ ሲሆን በአካባቢው አርሶ አደሮች የሚመረጥ የካውንቲ ኮሚቴም አለው። በወረርሽኙ ምክንያት ቢሮዎቹ ለባለ ጉዳይ ስለተዘጉ ሥራው በስልክና በኢሜይል ይካሄድ ነበር። አመልካቹ ስንት ከብት ሸጥኩ፣ ስንትስ በእጄ አለ የሚለውን በራሱ ቃል ሞልቶ ይፈርማል፤ ማስረጃ የሚጠየቀው ለምርመራ ከተመረጡት ብቻ ነው። ይህ አሠራር ገንዘቡን በእርግጥ አፍጥኗል፤ ምዝገባው በተጀመረ በአሥር ቀናት ገደማ ውስጥ ከ545 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጸድቋል። በሌላ በኩል የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በሴፕቴምበር 2022 ባወጣው ሪፖርት ሚኒስቴሩ ክፍያዎቹን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ እንዲመረምር አሳስቧል። እኔ በቃል ማመኑን እንደ ጥፋት አላየውም፤ በዚያ የጭንቅ ሰሞን ደረሰኝ ሲለቀም መክረም ብዙዎችን ያከስር ነበር። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ጊዜ ሲገኝ በበቂ ሁኔታ አለማጣራት ነው።

በከብት ቁጥርና በኤከር የሚለካ እርዳታ ከብትም ኤከርም የሌላቸውን ያልፋል። በሌሎች ግዛቶች ለትልልቅ ኩባንያዎች በኮንትራት ዶሮና አሳማ የሚያሳድጉ ገበሬዎች ቤቱን በብድር የሠሩት፣ መብራቱን የሚከፍሉት፣ ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ እንስሳቱ ግን የኩባንያው ናቸው። ኩባንያው ጫጩት ማስገባቱን ሲቀንስ ገቢያቸው ተቋረጠ፤ ባለቤት አይደላችሁም ተብለው ግን ከሁለቱም ዙሮች ውጪ ሆኑ። የገቡት በዲሴምበር 2020 በወጣው ሕግ ነው።

የጥቁር ገበሬዎች ድርሻ ይበልጥ ያሳዝናል። በ1920 ከ900,000 በላይ የነበሩት ጥቁር ገበሬዎች በ2017 የግብርና ቆጠራ 48,697 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በብድር መከልከልና በውርስ ሕግ ክፍተት መሬታቸውን ያጡ ሰዎች ድጎማ በመሬትና በከብት ሲለካ ሊደርሳቸው የሚችለው የቀራቸውን ያህል ነው። ከፐርዱ በኋላ የተሾሙት ቶም ቪልሳክ በማርች 2021 እንደተናገሩት እስከዚያ ከተከፈለው ወደ 26 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ውስጥ ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው 20.8 ሚሊዮን ሲሆን ይህም 0.1 በመቶ ነው። በዚያው ወር የጸደቀው ሕግ ለነጭ ላልሆኑ ባለዕዳ ገበሬዎች 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን የዕዳ ስረዛ ቢይዝም በዊስኮንሲንና በፍሎሪዳ የሚገኙ ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ ኮንግረሱም በኦገስት 2022 ሰርዞ በሌላ ተካው። በግብርና ሚኒስቴሩ ብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰባቸው ከ43,000 በላይ ሰዎች 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተከፈለው በ2024 ነው።

ስለ ቄራ ሠራተኞች ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ከእነሱ መካከል ይህን ቋንቋ የሚናገሩ ወገኖቻችን ነበሩ። በሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ የሚገኘውና በኤፕሪል 2020 አጋማሽ የተዘጋው የስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ 3,700 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ጎብኝተው በጻፉት ማስታወሻ በፋብሪካው 40 የሚሆኑ ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ጠቅሰው በብዛት የሚነገሩትን አሥር ሲዘረዝሩ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ከመካከላቸው ነበሩ። የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንደገለጸው በዚያ ፋብሪካ ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች በቫይረሱ ተይዘው አራት ሞተዋል፤ በኩባንያው ላይ የተጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኤፕሪል 28 ቄራዎች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያዝ ድንጋጌ ሲፈርሙ የጥጃው ዋጋ እንዲያገግም በቫይረሱ መካከል ቆሞ ማረድ ያለበት ይኸው ሠራተኛ ነበር። የግብርና ሚኒስቴሩ ለእርሻና ለሥጋ ሠራተኞች ያዘጋጀው እርዳታ አስፈጻሚ ድርጅቶቹ የተመረጡት በ2022 መኸር ሲሆን መጠኑም ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ፣ 600 ዶላር ነው። አንዱ ሰንጋ 214 ዶላር ባስገኘበት ስሌት ይህ ገንዘብ ከሦስት ሰንጋዎች ክፍያ ያንሳል።

ድጎማው ባይኖር ይሻል ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአርቢዎች ማኅበር በኤፕሪል 2020 ባቀረቡት ግምት የከብት ዘርፉ ብቻውን 13.6 ቢሊዮን ዶላር ሊያጣ እንደሚችል አስልተው ነበር። በቼሪ ካውንቲ ያለ አርቢ በመኸር በሚያገኘው ሽያጭ የባንክ የሥራ ማስኬጃ ብድሩን ይከፍላል፤ ካልከፈለ ለሚቀጥለው ክረምት ድርቆሽ የሚገዛበት አያገኝም። ከ5,500 ያነሰ ሰው ባለበት አገር ጥቂት እርባታዎች ቢዘጉ የከብት ሐኪሙ፣ ትምህርት ቤቱና የመኖ መደብሩ አብረው ይናጋሉ። ያም ሆኖ የ2020 መዝገብ ሲዘጋ የአሜሪካ እርሻ የተጣራ ገቢ 95 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ከቀዳሚው ዓመት በላይ ወጣ፤ ለሠራተኛ ደመወዝ የተሰጡ ይቅር የተባሉ ብድሮችን ጨምሮ ወደ 46 ቢሊዮን የሚጠጋው በቀጥታ የመጣው ከመንግሥት ነው። ዘርፉ በጠቅላላው ከቀድሞው የተሻለ ገቢ ያገኘበት ዓመት ለአንዳንዱ ቤተሰብ የመጨረሻው ዓመት ከሆነ፣ ገንዘቡ በቂ ነበር፤ የተከፋፈለበት መንገድ ነው የተሳሳተው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ኮንግረሱ በዲሴምበር 2024 ለሰብል አምራቾች የፈቀደው 10 ቢሊዮን ዶላር የተሰላው በዚያ ዓመት በተዘራ ኤከር ነው፤ ለበቆሎ በኤከር 42.91 ዶላር፣ ለአኩሪ አተር 29.76 ዶላር። በዲሴምበር 2025 ከታወጀው 12 ቢሊዮን ውስጥም 11 ቢሊዮን የሚሆነው በተመሳሳይ መንገድ ለሰብል የተመደበ ነው። ሌላ መለኪያ የለም እንዳይባል ግን መንግሥት ራሱ ሠርቶበታል። ዘግይተው የገቡት በኮንትራት ዶሮ የሚያሳድጉ ገበሬዎች የተከፈላቸው የ2020 ገቢያቸው ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሮ የጎደለው እስከ 80 በመቶ ድረስ ነበር። ገበሬውም አርቢውም በየዓመቱ ከግብር ማስታወቂያው ጋር የእርሻ ገቢና ወጪውን የሚያሳውቅበትን ቅጽ ይሞላል። ያንን ቅጽ ከቀዳሚው ዓመት ቅጽ ጎን አስቀምጦ የጎደለውን ማስላት በኤፕሪል 2020 ጥድፊያ ውስጥ ከባድ ነበር ቢባል ይገባኛል፤ ኮንግረሱ ከአራት ዓመት በኋላ ባጸደቀው የ2024 ሕግ ግን ይህ ምክንያት አልነበረም።